ከአድማጭ የመጣ ጥያቄ

«እህቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊልን እስቲ፤ ከኋላ አይሰማም» አለ የባንክ ጥበቃው፣ ገና አንድ እግሩ የአውቶቡሱ የኋላ በር ደረጃ ላይ እያለ።

ሹፌሯ በግራ እጇ መሪውን እንደያዘች በቀኟ ድምፁን ጨመረችው። የጠዋቱ ሁለተኛ ምልልስ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ መርፌ መጣያ የለም። ስልኳን ከአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ጠዋት ጠዋት «የቤታችን ምሰሶ» የሚባለውን ፖድካስት ማሰማት ከጀመረች ሰባት ወር ሊሆናት ነው። መጀመሪያ የለመነቻት ከሆስፒታሉ ማዞሪያ የምትሳፈረው ነርስ ነበረች። ሹፌሯ ፖለቲካ ውስጥ የለችበትም። ግን የፖድካስቱ አዘጋጅ ማውራት ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ያለ ተሳፋሪ ደግሞ ለሹፌር ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው ሁሌ ይሳሳታል ማለት አይደለም። ስለ መንገዱ ጉድጓድ ሲናገር እሷም ብቻዋን ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

የዛሬው ወሬ በሚቀጥለው ሳምንት ምክር ቤት ስለሚቀርበው አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ሚስት በራሷ ማመልከቻ ብቻ ከትዳር እንድትወጣ ይፈቅዳል አሉ።

«መንገድ መጠገን ያቃተው መንግሥት አሁን ደግሞ ትዳራችንን ሊጠግን ተነሥቷል» አለ አዘጋጁ። አውቶቡሱ በሙሉ ሣቀ። «ሕግ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ከአንድ አባት እንስማ። ለክብራቸው ስንል ድምፃቸውን ለውጠነዋል።»

ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ተሰማ። «ጤና ይስጥልኝ። አንደኛ ነገር፣ ፕሮግራማችሁ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።»

የሹፌሯ እግር ፍሬኑን ነካ። የቆሙት ወደ ፊት ተንገዳገዱና «ኧረ ቀስ» ተባባሉ።

ድምፅ ይለወጣል፤ አነጋገር ግን አይለወጥም። አባቷ ጡረተኛ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን «አንደኛ ነገር» ብለው ይጀምራሉ፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር ግን ኖሯቸው አያውቅም። እናቷ «የዚህን ሰውዬ ሁለተኛውን ሳልሰማ ልሞት ነው» እያለች ትቀልድ ነበር፤ እንዳለችውም ሳትሰማ ሞተች።

«ልጄ ባሏን ጥላ እኔ ዘንድ ከመጣች አራት ወሯ ነው» አለ ድምፁ። «ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ሥራሽን ተይ ስላላት ነው የመጣችው። ሁለተኛ…»

ሹፌሯ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሁለተኛውን ልትሰማ ነው።

«ሁለተኛ፣ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ ብዬ ነው የምጠይቃችሁ።»

አዘጋጁ ሲመልስ ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ሰውየው ትልቅ ሰው ያከብራል፣ ይሄ አይካድም። «አባቴ፣ ችግሩ እኮ ይሄው ደስታዎ ነው። እርስዎ ቤት ሞቆ እየጠበቃት እንዴት ወደ ትዳሯ ትመለስ? እስከ እሁድ ጊዜ ይስጧት፤ ከዚያ በሩን ይዝጉ። የሚዘጉት ስለሚወዷት ነው። እናንተስ አድማጮቻችን ምን ትላላችሁ? ጻፉልን።»

አድማጮቹ ለመጻፍ እንኳ አልቆዩም።

«እውነቱን ነው» አለ የባንክ ጥበቃው። «ይሄ ሰው ባይኖር እንዲህ ብሎ የሚነግረን ማን ነበር?»

«ቆይ፣ ልጃቸው አይደለች እንዴ?» አሉ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራ የያዙ አሮጊት። «ቤታቸው ካልጠበበ ምን ቸገራቸው?»

«እትዬ፣ እንዲህ እያልን እኮ ነው አገር የጠፋው።»

«አገሩን ያጠፋችው እሷ ናት? እኔ ደግሞ ሌላ ሰው መስሎኝ።»

ተሣቀ። ነርሷ ግን አልሣቀችም። «እኔን ያሳዘኑኝ አባትየው ናቸው» አለች። «በዚህ ዕድሜያቸው ዕዳ ተሸከሙ። መቼም እንዲህ ያለችው ሴት የበላችበትን ሳህን እንኳ የማታነሣ ሰነፍ ነው የምትሆነው።»

የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምትገዛው ሹፌሯ ናት። መብራቱንም የምትከፍለው እሷ ናት። ባሏ እጁን አላነሣባትም፣ እሱ እውነት ነው፤ መንጃ ፈቃዷን ግን ቁርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እያየችው፣ በመቀስ ለአራት ቆራርጦታል፤ አሁን የያዘችው ምትኩን ነው። አባቷ ይሄን አልተናገሩም። ሹፌሯ ተናደደች፣ አፈረች፣ ደግሞ «ደስ ይለኛል» ያሉት እንባዋን አመጣው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

«ሹፌሯ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ ጥበቃው። «አንቺ እንኳ ሠርተሽ አዳሪ ነሽ፤ ፍርድ ታውቂያለሽ።»

«በሩ ላይ አትቁሙ» አለች።

በቀጣዩ ምልልስ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል ብላ ዋሸች። ምን ዋጋ አለው፣ ተሳፋሪው በየራሱ ስልክ ከፈተው፤ አባቷ ከኋላም ከመሃልም፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ «ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ» ሲሉ ዋሉ።

በምሳ ሰዓት አውቶቡሱን አቁማ የተጻፈውን አነበበች። አራት መቶ አሥራ ሁለት መልስ። «አባቴ ጠንከር ይበሉ» ይላል አንዱ። «ሲያሳድጓት አሞላቅቀዋት ነው» ይላል ሌላው። አንዲት ሴት ደግሞ «እኔም ተመልሻለሁ። ይለመዳል» ብላ ጽፋለች። ስድቡን ሁሉ ቶሎ ቶሎ አለፈችው፤ ይህችን ግን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ሴትዮዋ የምትዋሽ አትመስልም ነበር።

ከአባቷ ጋር እጀምረዋለሁ ያለችውን ጸብ ቀኑን ሙሉ ስታዘጋጅ ውላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። መኝታ ቤቱን ለእሷ ለቀው አባቷ ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት፤ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ በዚያ ላይ አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ስልኩ ላይ አቀርቅረዋል።

«ዋልሽ ወይ ሚጡ?»

«ዋልኩ አባዬ። በልተሃል?»

«አልራበኝም።» ቀና ብለው አዩዋትና ገባቸው። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፤ ከሰባ ሰው ጋር። አውቶቡሱ ውስጥ እኮ የማሰማላቸው እኔ ነኝ።»

አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡት። «ስምሽን አልጠራሁም።»

«አልጠራህም። እኔን ግን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንቺማ ልቅር ነው የምትዪው። እኔም ቅሪ ነው የምለው። እኛ ሁለታችን አንድ ነን፤ ብንሳሳት ማን ይነግረናል?» ስልኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አራት መቶ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ልክ ልሆን? እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ሚጡ።»

ያዘጋጀችው ጸብ ሁሉ ጠፋባት።

«ባልሽ ደውሎ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱም ሰምቶታል። እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ አለ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራው ይቅር ነው ያለው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባለፈው ወር ሦስት ቦታ የሚከራይ ክፍል ጠይቃለች። ሁለቱ ብቻዋን ለምትኖር ሴት አናከራይም አሏት፤ የሦስተኛው ዋጋ ደመወዟን ጠራርጎ ወስዶ ገና ይቀረዋል። እዚህ ልቅር ብትል አባቷ አያስወጧትም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ባየቻቸው ቁጥር አጉሊ መነጽር ይዘው አራት መቶውን ሰው ፍርድ ሲለምኑ ልታያቸው ነው። ሊበሉ አይደለም፣ ሊተኙ አይደለም። ገና ከአሁኑ ፊታቸው ገርጥቷል።

«እሺ፣ እሁድ እሄዳለሁ» አለች።

የት ነው የምትሄጂው አላሉም። አስቢበትም አላሉም። «ቁርስ በልተሽ ነው አይደል የምትሄጂው?» አሉ።

«በልቼ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልቸግርሽ። የፖድካስቱ ሰዎች መጨረሻውን ንገሩን ብለዋል፤ ነገ ያሰሙታል። የፊተኛውን ድምፅ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ናት የቀዳችልኝ። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሳልጨርስ ይለቀዋል። ያዢልኝ።»

ስልኩን ተቀበለችና መቅጃውን በአውራ ጣቷ ተጭና ወደ አፋቸው አስጠጋችው። «ተናገር።»

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ የጠየቅኋችሁ አባት ነኝ። ልጄ እሁድ ወደ ባሏ ትሄዳለች። ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ።» አቆሙ። እጇን ልታነሣ ስትል ቀጠሉ። «እኔ ግን ባትሄድ ነበር የምወደው። ጠዋት በሩን ቀስ አድርጋ ስትዘጋ ነው የምነቃው፣ እንዳልሰማ ብላ። ዕድሜዬን የሰው ቤት ስገባ ስወጣ ኖርኩ፤ እናቷ ከሞተች በኋላ የራሴ ቤት ሰው ያለው እሷ ከመጣች ወዲህ ነው። ምን እንደምሆን እንጃ።» ከዚያ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ጣቷን አነሣች። ስልኩ ላይ የአንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ድምፅ ተቀመጠ።

«ተላከ?» አሉ ፊታቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ።

«አልተላከም።»

«አጥፊው በናትሽ። ይሥቁብኛል።»

መላኪያውና ማጥፊያው ጎን ለጎን ናቸው። ብትልከው ነገ አገር ሁሉ አባቷ እንደሚፈልጓት ይሰማል፤ እንዲህ የሚፈልጋት ሰው ከእሳቸው ሌላ የላትም። ደግሞ የጠዋቱን ሁለተኛ ምልልስ አሰበች፤ ጥበቃው ከኋላ ድምፁን ጨምሪው ሲል፣ አባቷ በዚያ በወፈረ ድምፅ ሲያለቅሱ፣ ተሳፋሪው ሲሥቅ፣ እሷ መሪውን ይዛ ሰዉን ስታወርድና ስታሳፍር።

አጠፋችው።

«እንደገና እንቅዳ» አለቻቸው። «አሁን ጉሮሮህን ጥረግና አጭር አድርገው።» መቅጃውን መልሳ ተጫነች።