የስኬልዊክ መርዶ

ሠርካለም ክፉ ሰው አይደለችም። አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ በስደት በምንኖርባት በዋይት ሴንተር ከተማ አፍ ያለው ሁሉ ሲያማት ስለከረመ ነው።

በፈረንጆቹ 1996 እሷና እኔ ተራ እየገባን ሚስተር ዊልፍ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እናስታምም ነበር። ሚስትም ልጅም የላቸው። የቀሩላቸው እንግሊዝ አገር ያሉት ታላቅ እህታቸው ኤዲት ብቻ ነበሩ። የተወለዱት ስኬልዊክ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። ልጆች ሳሉ ማዕበል ተነሥቶ የታችኛውን ሠፈር ጠራርጎ ወሰደው፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዓሣ በጭስ የሚያደርቁበትን ዳስ፣ የእናታቸውን ቤት ሳይቀር። ያንን ሠፈር የሚያስታውስ ከሁለቱ በቀር በሕይወት የቀረ ሰው የለም። እሑድ እሑድ በስልክ ይጨቃጨቃሉ፦ የጀልባ ሠሪው ቤት ከማን ቤት ቀጥሎ ነበር፣ ሴቶቹ መረብ ሲጠግኑ ምን ይዘፍኑ ነበር። ሚስተር ዊልፍ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ቀልቶ፣ "ግትር! ዕድሜ ልኳን ግትር!" እያሉ ይስቃሉ። በሕይወት ያቆያቸው ያ ጭቅጭቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዓርብ ዕለት የኤዲት ጎረቤት ከስኬልዊክ ደወለች። ኤዲት በጠና ታመዋል፤ ወንድሜን አገናኙኝ እያሉ ነው አለች። ማድ ቤት ሆና ስልኩን ያነሣችው ሠርካለም ነበረች።

እንግዲህ የኛ ሰው ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ በድንገት አይነግርም። ደብቆ ይቆይና ሰው አሰባስቦ፣ በማለዳ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ሠርካለምም እንደ አገሯ አደረገች። ለሽማግሌው ሾርባቸውን አብልታ፣ ትንፍሽ ሳትል ዋለች። ለእኔ ኮል ያደረገችው ቅዳሜ፣ የኤዲት ሞት ከተነገራት በኋላ ነው።

"ዓርብ ለምን አልነገርሽኝም፣ አንቺ ሴት?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ይድናሉ ብዬ ነዋ! የሽማግሌው ልብ ደግሞ ደካማ ነው፤ ደንግጠው ቀጥ ቢሉብኝስ?" አለች እያለቀሰች። "ሶ፣ ነገ በማለዳ ሰው ይዘን እንንገራቸው፣ ኦኬ?"

በግኜ ነበር፤ ግን ሄድኩ። እሑድ ገና ሲነጋጋ እኛ ሁለታችን፣ ከሠፈራችን ሐበሾች ደግሞ በዕድሜ የገፉት እትዬ ማንአልሞሽና ጋሽ መልከጸዴቅ ጥቁር ለብሰን አልጋቸውን ከበብን። ሽማግሌው ተራ በተራ አዩን።

"ቤቱ እየተቃጠለ ነው?" አሉ።

ጋሽ መልከጸዴቅ በሚያውቁት እንግሊዝኛ አረዷቸው። እትዬ ማንአልሞሽ ደረታቸውን መቱ። ሚስተር ዊልፍ አላለቀሱም።

"መቼ?"

"ትናንት።"

"በድንገት ነው?"

ዝም ብንል ምን ነበረበት! ሠርካለም ግን አላስቻላትም። "ዓርብ ተደውሎ ነበር" አለች። "እህትዎ ሊያናግሩዎ ፈልገው።"

"መናገር ትችል ነበር?"

"አዎ። ድምፃቸው ከኋላ ይሰማኝ ነበር። ስምዎን ይጠሩ ነበር።"

ከአልጋቸው ሊነሡ ሞከሩ። ልይዛቸው ብጠጋ ገፉኝ።

"አንቺስ ምን አልሽ?"

ሠርካለም አንገቷን ደፋች። "ተኝተዋል አልኩ።"

"አልተኛሁም ነበር" አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ፊቷን ሽቅብ እያዩ፣ "ሠርካለም፣ አልተኛሁም ነበር እኮ" አሏት።