የእማዬ ሐይቅ

ካርታ ሠሪዋ ምስሉን አጎላች፤ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና እንደገና አጎላች። የእናቷ ቤት ሐይቅ ውስጥ ገብቷል። ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ወፍጮ ቤቱም፣ የልብስ ሰፊው ሱቅም፣ ሰፈሩ በሙሉ ጥርት ባለ ሰማያዊ ተውጧል።

የአገሪቱን ከፍታና ውኃ በሙሉ የሚያሳየው አዲሱ ዲጂታል ካርታ ዛሬ ከሰዓት ይመረቃል። ሐይቁን ያገኘው ኮምፒውተሩ ነው፤ የወደደው ደግሞ ዳይሬክተሩ። ሪባን መቁረጥ ነፍሱ ስለሆነ ሠራተኛው እሱ በሌለበት «መቀስ» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሐይቅ የለም» አለችው ቢሮው ገብታ።

«እንዴት አይኖርም? ፖስተር አሳትሜበታለሁ እኮ።»

«ለካርታው የተላከው አውሮፕላን ከላይ ከፍታ ሲለካ የሰፈሩን ድልድይ መሬት አድርጎ ቆጠረው። ከሥሩ ወንዝ እንደሚያልፍ ማን ይንገረው? ኮምፒውተሩም ግድግዳ መሰለውና ውኃውን ከኋላው አጠራቀመ።»

«በሚቀጥለው ዓመት እናርመዋለና። እንግዶች እየመጡ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

«ቧንቧ የሚዘረጋው በዚህ ካርታ ነው። ሐይቅ ውስጥ ላለ ቤት ማን ቧንቧ ይዘረጋል?»

ዳይሬክተሩ ፖስተሩን አየ። ፖስተሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። እሷም ክርክሩን ትታ ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ በቪዲዮ ደወለች። እናትየዋ ግቢያቸው ውስጥ አንሶላ እያሰጡ ነበር።

«እማዬ፣ አለቃዬ ናቸው። ሰላም በያቸው።»

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለ መቀስ ድምፁን አስተካክሎ። «በእኛ ካርታ እርስዎ ሐይቅ ውስጥ ነዎት።»

«ወይ ጉድ፣ ልብሱ አልደርቅ ያለኝ ለካ ለዚህ ነው» አሉ። «ዓሣ ካለው የእራቴ ነገር አለቀ።»

ዳይሬክተሩ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አልሆነለትም። እየሳቀ ከአንሶላው ሥር የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አየ።

«ያ ሁሉ ጀሪካን የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ሐይቅ ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰፈር ውኃ ስቀዳ አይገርምዎትም?»

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ድልድዩን ቁረጪው።»

«ኧረ ይተዉ ጌታዬ» አሉ እናትየዋ፣ «ታክሲው በየት ሊገባ ነው?»

«ካርታው ላይ ነው፣ እማዬ።»

ተያይዘው ወደ እሷ ጠረጴዛ ሄዱ። ድልድዩ ላይ፣ ወንዙ በሚያልፍበት በኩል፣ ውኃው ማለፊያ እንዲያገኝ ቀጭን መስመር አሰመረች። ዳይሬክተሩ ከኋላዋ አንገቱን አሰገገ።

«የመጨረሻዋን ቁልፍ እኔ ልጫናት?»

መቀስ ነውና ፈቀደችለት። ስሌቱ ተጀመረ። ሰማያዊው ከወፍጮ ቤቱ ላይ ቀስ እያለ ይሸሽ ጀመር፤ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ጣሪያ ብቅ አለ። ሁለቱም እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናት። «እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ላስገባቸው?»

በሥራ ዘመኑ እንግዳ አስጠብቆ የማያውቀው ዳይሬክተር ወንበር ስቦ ከካርታ ሠሪዋ ጎን ተቀመጠ።

«ሻይ አቅርቢላቸው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «የእናታችን ግቢ ገና አልደረቀም።»