የኤልፍነሽ ጡረታ

«ለጡረታ እኮ ገና ልጅ ነሽ፣ ሚስ ኤልፍነሽ!» አለች የጡረታ ገንዘብ ቢሮዋ ሴት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። መቀለዷ ነበር። ሄራን ሳቀችና ሳቋን ከመሃል ዋጠችው።

ዘሪቱ አልሳቀችም። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆመው የኖሩትን ጉልበቶቿን በእጆቿ ደግፋ፣ የተባለውን ሄራን እስክትተረጉምላት ጠበቀች።

«ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላሽ የጡረታ ብሩን ስለምታወጪ ፔናልቲ ይቀጡሻል ነው የምትለው። ታክሱ ደግሞ ለብቻው። ነግሬሽ የለ፣ እማዬ?»

«ነግረሽኛል።»

ዕድሜን በግማሽ የሚቆጥር አገር ነው። ዘሪቱ ባለፈው ጥር ስድሳ ሞልቷታል። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሆናት ኤልፍነሽ ናት፤ ኤልፍነሽ ደግሞ ከሞተች አሥር ዓመት አለፋት።

ታናሽ እህቷ ኤልፍነሽ ዲቪ ደርሷት፣ በእሷም በልጇ በሄራንም ፓስፖርት ላይ ቪዛ ተመትቶ፣ ሻንጣ ሲገዛ ሲለቃቀም ትኩሳት ያዛት። ሳምንት ሳትቆይ አረፈች። ከቀብር መልስ ወንድማቸው ብርሃነመስቀል ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ዘሪቱን ያይ ጀመር። እህትማማቾቹ መልካቸው ሰው ያሳስት ነበር። «የልጅቷ ዕድል አብሮ ይቀበር?» አለ በመጨረሻ። ዘሪቱ ባልም ልጅም አልነበራትም፤ በእህቷ ስም ልትሄድ እሺ አለች። በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሄራን፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እጇን ያዘችና እንደተነገራት «እማዬ» አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ብቻቸውን በሆኑበት ቤት እንኳ፣ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

አትላንታ ሲገቡ ሐዘኑ ዘሪቱን አፍኖ ሊገድላት ደረሰ። ኤልፍነሽ ነኝ ያለች ሴት፣ ኤልፍነሽ ሞተችብኝ ብላ አታለቅስም። ስለዚህ ለአበሻ ጎረቤቶቿ «የታላቅ እህቴ የዘሪቱ መርዶ መጣብኝ» አለቻቸው። ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ፍራሽ ተዘረጋ፣ ምግብ በየተራ ገባ። አይተዋት የማያውቁ ሴቶች «ወይኔ ዘሪቱ!» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እሷ መሃላቸው ተቀምጣ የራሷን ለቅሶ ሰማች። በዓመቱ ተዝካሯንም አወጣች። ለኤልፍነሽ ግን በዚህ አገር እስከ ዛሬ «ነፍስ ይማር» ያለ የለም።

የቢሮዋ ሴት ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረችው። ሄራን ጠጋ ብላ ቦታውን በጣቷ አሳየቻት። «እዚህ ጋ ሳይን ታደርጊያለሽ። ከዚያ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ፣ አንቺ መሆንሽን ትምያለሽ። የምታስምልሽ ኖተሪ እሷው ናት።»

«ምን ብዬ ነው የምምለው?»

ሄራን ወደ ሴትየዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ኤልፍነሽ ነኝ ብለሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዘሪቱ ያንን ስም በደሞዝ ቼክ ጀርባ ላይ፣ በሄራን የትምህርት ቤት ወረቀቶች ላይ ስትጽፈው ኖራለች፤ ሲጠሯትም «አቤት» ብላበታለች። መሐላ ግን ትፈራለች። ጓደኞቿ ሁሉ ዜግነት ሲወስዱ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» እያለች የቀረችውም በዚሁ ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«መጀመሪያ የምትገዢውን ቤት ልየው።»

«አሁን? እማዬ፣ ፕሊስ! ወረቀቱ ዛሬ ካልሄደ ብሩ ለክሎዚንጉ፣ ለቤቱ ርክክብ፣ አይደርስም። ቤቱን ሌላ ገዢ እየጠበቀው ነው።»

«ቢሮው ሳይዘጋ ትመልሺኛለሽ።»

ከዲኬተሩ ቢሮ ሊልበርን ወዳለው ቤት በመኪና ሄዱ። ሄራን መሪውን ጨብጣ መኪኖቹን እያለፈች ነዳች። ዘሪቱ በመስኮቱ በኩል የሚሸሹትን ጥዶች እያየች ስለ ሁለቱ ዕድሜዎቿ አሰበች። ይህ ገንዘብ ከወጣ ሌላ የላትም። ወረቀቱ «አሁን አረጀሽ፣ እረፊ» እስኪላት ጉልበቶቿ ሰባ ሦስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ እስከዚያ አንሶላ ማጠፍ ነው። ይህን ግን ፈቅዳ ነበር የመጣችው። ያልፈቀደችው ሌላ ነገር ነው። እጇን አንስታ ስትምል፣ ኤልፍነሽ በዚህ ምድር ላይ የቀራት የመጨረሻ ቦታ የሚወሰድባት መሰላት።

«ብሩ ከቆጨሽ ንገሪኝ» አለች ሄራን ወደ ሠፈሩ ሲታጠፉ። «ሪሊ፣ አልቀየምሽም።»

«ብሩ አይደለም።»

ሻጮቹ ቤቱን ለቀዋል። ደላላዋ በሩን ከፍታላቸው ስልክ ልታወራ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ የአልጋ እግሮች የጫኑት ጎድጓዳ ምልክት ቀርቷል። ጫማቸውን ሳይነጋገሩ አወለቁ።

«ታች ያለው ያንቺ ነው። ደረጃ እንዳትወጪ ብዬ ነው የመረጥኩት» አለች ሄራን።

«ላይስ?»

«ሁለት መኝታ አለ። አንዱ የኔ።»

«አንደኛውስ?»

ሄራን ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ምንጣፉን በጣቷ ትቧጭር ጀመር። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልተነካውን የኤልፍነሽን ነገር ልትነካው እንደሆነ ዘሪቱ ከትከሻዋ አወቀች።

«ድምጿ ጠፍቶብኛል» አለች ሄራን። «ፊቷን አስታውሳለሁ። ትንሽ ትንሽ። ድምጿን ሳስብ ግን ያንቺ ነው የሚመጣብኝ። ማን እንደሆነች ሁሉ…» አልጨረሰችውም።

ዘሪቱ አጠገቧ መቀመጥ አማራት፤ ጉልበቷ እንቢ አላት። የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። እሷም እኮ የኤልፍነሽን ሳቅ ካጣችው ቆይታለች። ለሄራን ስትቆጣ፣ ስታባብል፣ ከእንቅልፏ ስትቀሰቅስ፣ በሟች ቦታ ቆማ የሟችን ድምፅ ስትሸፍን ኖራለች።

«እፈርማለሁ» አለች። «እምላለሁም። ላቡ የኔ ነው፣ ስሙ የእሷ ነው፤ ቤቱን ሁለታችንም ገዛንልሽ ማለት ነው። ከመሄዳችን በፊት ግን አንዴ ጥሪያት።»

«ማንን?»

«ታውቂያለሽ።»

ሄራን ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷን ከዘሪቱ መልሳ ወደ ላይ፣ በሩ ገርበብ ወዳለው፣ የማን እንደሆነ ወዳልተነገረለት ክፍል አየች። ከዚያ በሥራ ቦታዋ ማንም በማያውቀው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ፣

«እማዬ?» አለች።

ባዶው ቤት ድምፁን ተቀብሎ ወደ ላይ ወሰደው።

የአሥር ዓመት ልማድ ነውና «ወዬ» የሚለው መልስ እስከ ዘሪቱ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ውጭ ደላላዋ መኪናዋን አስነሣች፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው። ሁለቱ በባዶ እግራቸው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ከላይ የሚመጣውን መልስ ጠበቁ።