የዘይቱ ልክ

ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራው በሥራው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልገጨም፣ አንድም ተሳፋሪ ግን ሳይቆጣ አላሳለፈም። ሌላ ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ከሰማ ፊቱን ያዞራል። እሱ የማያውቀው የመኪና ነገር ካለ፣ በሱ ቤት ያ ነገር ገና አልተፈጠረም።

እንዲህ ያለ ሰው የገዛ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ስትጠፋበት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ያን ዕለት ጠዋት ከገበያ ሲመለስ መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍሬን ያዘ። እግሩን ከነዳጁ ላይ ገና ከማንሳቱ የዘይት ጣሳ ምስል ያለባት ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም አለች፤ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋ። አንድ ባለታክሲ አጠገቡ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ መንዳት ካቃተው ቤቱ ቢቀመጥ እንደሚሻል መከረው። ሹፌሩ በሌላ ጊዜ ቢሆን የሚመልሰውን ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አዞረ። አስነስቶ ትንሽ እንደሄደ መብራቷ ጠፋች፤ ቀጥሎ ሲቆም ደግሞ ያው ሆነ። ቤቱ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ጠፋችበት።

መብራቷ ከበራች ዘይት ጎድሏል ብሎ ያረጀ ሰው ነውና፣ ግቢው እንደገባ ኮፈኑን ከፍቶ ሳይለካ ግማሽ ሊትር ጨመረባት። በማግስቱ ከሰፈር ሳትወጣ ጠፋች።

መኪናዋ ከአንድያ ልጃቸው በሁለት ዓመት ትበልጣለች። የዘይቷን ነገር የምታውቀው ባለቤቱ ነበረች፤ ነርስ ስለነበረች ሰፈሩም እሱም ሲስተር ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር ኮፈኑን ትከፍትና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ትመዛለች፣ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ መልሳ ትከታለች፣ ደግማ ትመዛለች፣ ወደ ብርሃን አዙራ አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ታያለች። እሱ መሪው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ዘይት እንጂ ትኩሳት አይደለም የምትለኪው እያለ ከውስጥ ያሾፍባታል፤ እሷ ዓይኗን ከዘንጉ አታነሳም። አይታ ስትጨርስ "ልክ ነው፤ አስነሳ" ትለዋለች። እሱ ቁልፉን ሲያዞር፣ እሷ የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳምጣ ኮፈኑን ጓ አድርጋ ትዘጋለች፤ ያኔ መንገዱ ፊቱ ላይ ይገለጣል፤ እሷም እጇን እየጠረገች መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ሲስተር ሦስት ወር ታማ ተኝታ፣ ከሞተች ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሹፌሩ ከሷ ወዲያ መኪናዋን የሚነካበት ልብ አጣና ከቆርቆሮው ሥር አቆማት። ጉልበቱ ግን ዳገቱን በእግር አላስወጣ አለው። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉም ከዳገቱ በላይ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ኮፈኑን ብቻውን ከፍቶ ዘንጉን ቢመዝ፣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ጫፉን ብቻ አርሶታል። "ውይ ሲስተር፣ ዘይቱን ረስተሽው ኖሯል" አለ። አዘነላት፤ ትንሽም ተናደደባት፤ ከዚያ በሙት መናደዱ አሳፈረው። እስከ ላይኛው ምልክት ሞላው። ሁለት ሊትር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረው።

ልጁ የምትኖረው በመኪና ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። በየማታው ትደውላለች፤ በየማታው የምትለውም አንድ ነው፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ቤቱ ይከራይ፣ አሮጊቷ መኪና ትሸጥ፣ አንተም ና። እሱም በየማታው አንድ ሰበብ ይፈጥራል። መንገድ ላይ መጥፋቷን ሲነግራት ግን ሰበቡ አለቀበት። እንግዲያው ለመካኒክ አሳያት፣ መካኒኩ ሞተሩ አልቋል ካለ ትመጣለህ አለችው። "እሺ" አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። የልጁን ቤት ጠልቶ አይደለም። እዚያ ሲስተር የሰቀለችው መጋረጃ የለም፣ በር ኋላ የተሰቀለ ነጭ ጋዋኗ የለም፣ ከአልጋው ሥር ጫማዋ የለም። ከዚህ ከወጣ እነዚህን ማን ባሉበት ይተዋቸዋል?

መካኒኩን ጆሮ ይሉታል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ረጅም ካቻቢቴ በአንድ ጫፉ ሞተሩ ላይ፣ በሌላው ጆሮው ላይ አስደግፎ ስለሚያዳምጥ ነው። በጋራዡ ግቢ ውስጥ እሱ ሲያዳምጥ የሚያስል ሰው እንኳ የለም። ሹፌሩ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ሲነግረውም ምክንያቱን ራሱ ጨምሮ ነገረው፤ የዘይቱ ፓምፕ ደክሟል አለ። ጆሮ ዘንጉን መዞ አየ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ትንሽ አለፍ ብሏል፤ ያ ብቻውን የሚያስጠፋ መስሎ አልታየውም። ምናልባት መብራቷ ትሆናለች የምትዋሸው ብሎ የመብራቷን መቆጣጠሪያ ከሞተሩ ላይ ፈታና በቦታው የዘይት ግፊት መለኪያ ሰዓት አሰረ።

ሞተሩ ሲነሳ ቀስቱ ከፍ አለ። የሹፌሩም ልብ አብሮት ከፍ አለ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን ቀስቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ጆሮ የነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ቀስቱ ዜሮ አካባቢ ደርሶ ሞተሩ ጠፋ። ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ አንስቶ በጨርቅ ጠረገ። መብራቷ አልዋሸችም፣ ግፊቱ በእውነት የለም አለ። ወይ ፓምፑ ነው፣ ወይ ሞተሩ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ ብሮንዚኖቹ፣ ተበልተዋል፤ ብሮንዚኖቹ ከሆኑ በዚህ ዕድሜዋ ባትነካ ይሻላል። ለማንኛውም ዘይቱን አፍስሼ ከሥር ልክፈተው አለ።

ሹፌሩ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፓምፕ ነው ያለው ራሱ ነበር፤ ሌላ ሰው ሲለው ግን እውነት ሆነበት። በሐሳቡ ዕቃ ማሰር ጀመረ። ጋዋኑን ይዞ ይሄዳል? ልጁ ብታየው ምን ትላለች? አጠገቡ የተሽከርካሪ ጎማ የሚያጥብ ሰው ሰላም ቢለው አልሰማውም።

ጆሮ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የመውጫውን ብሎን ፈታ። የሚወርደውን ዘይት በባልዲ ተቀበለው። ከዚያ እንደ ልማዱ በሊትር መስፈሪያ እየሰፈረ መገልበጥ ጀመረ፤ አራት ሊትር መሆን ነበረበት። አራት ሆነ፤ አምስት ሆነ፤ ስድስትም አልፎ ተረፈ። ደግሞም ጥቁር ዘይት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ደፍቋል። ሹፌሩን ጠራው።

"አባባ፣ ይሄን ዘይት ማነው የሚሞላው?"

"እኔ ነኛ። በምልክቱ ልክ ነው የሞላሁት፤ ባለፈው ብቻ ግማሽ ሊትር ጨምሬበታለሁ።"

ጆሮ ዘንጉን አምጥቶ ብርሃን ላይ አገላበጠው፤ ከሌላ ሞተር ዘንግ ጋርም አስተያየው። ዘንጉ የዚህች መኪና አይደለም፣ በጣት ያህል ያጥራል አለ። አጭር ዘንግ ዘይቱን በቅጡ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ሞልቶ ሳለ ጎድሏል ይላል። የተረፈውን ዘይት ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ይጠፋል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዘንጉን እንጂ ጆሮን አያይም ነበር። ከየት እንደመጣ ያውቀዋላ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የድሮው ዘንግ እጁ ላይ ተሰበረና፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ሄዶ ይሄን ገዛ። ልክክ ያለ ነው፣ እኔ ዕቃ አይቼ አልሳሳትም ብሎ ለሲስተር ደረቱን ነፍቶ እንደነገራት ትዝ አለው።

ጆሮ ግን ገና አልጨረሰም። ጥፍሩን ዘንጉ ላይ እያንሸራተተ ወረደና ከታችኛው ምልክት በታች፣ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ።

"እዚህ ጋ ሰው ሞርዶበታል። ጭረት አይደለም፤ ይዩት፣ በስንት ጥንቃቄ። አራት ሊትር ሰፍሮ ከጨመረ በኋላ ያወጣው ምልክት ነው። ይሄን ያደረገ ሰው ዘንጉ እንደማይሆን ያውቅ ነበር።"

ሹፌሩ መነጽሩን አደረገ። እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ቀጥ ያለች መስመር ነበረች። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዘይቱ የቆመው እዚያ ነበር። እዚያው መስመሯ ላይ። ሲስተር ዘይቱን አልረሳችም። ታማም አልረሳችውም።

ጆሮ አራት ሊትር አዲስ ዘይት ሰፍሮ ጨመረ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ በዘይት የጠቆሩትን ካንዴላዎች አጸዳ። ሞተሩ ሞቀ፤ ቀስቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። አባባ፣ ይቺ መኪና ገና ትነዳለች አለው። ሹፌሩ እግዜር ይስጥልኝ ማለቱን እንኳ ረስቶ ወጣ፤ ከበር ተመልሶ አለው።

ቤት እንደገባ በቀጥታ ወደ ጋዋኑ ሄደ። በደረት ኪሱ ውስጥ ከእስክሪብቶዋ ጋር የምታኖራት ትንሽ ሞረድ ነበረች፤ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦችን አንገት የምትሞርድባት። ዘንጉን ይዞ መጣና ሞረዷን መስመሯ ላይ አሳረፋት። ገጠመች። አሁን ሌላም ነገር ገባው። ዘይቱን እኔ አየዋለሁ፣ አንተ አስነሳ ያለችው ዘንጉን በገዛበት ሳምንት ነበር። አውቶቡስ ያደከመውን ወገቡን አስባ ይመስለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስተሃል ሳትለው፣ እሱ ከውስጥ እያሾፈባት፣ እሷ ስህተቱን በየቅዳሜው ስታርምለት ኖራለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ ሰው ያላየበትን ለቅሶ አለቀሰ።

ማታ ልጁ ደወለች። ሞተሩ አልቋል ቢላት ማንም አይፈርድበትም ነበር። አንድ አፍታ ያ አማረው፤ ከዚህ ዝም ካለ ቤት ሰው ወዳለበት መሄድ፣ የሄደውም ተገዶ መሆኑ።

"ሞተሩ ደህና ነው" አላት። "ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽ ታውቅ ነበር።"

ሁሉንም ነገራት።

"እና አትመጣም ማለት ነው፣ አባዬ?"

"ቅዳሜ ነድቼ እመጣለሁ። እሁድ እመለሳለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ዘንጉን መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ ደግሞ መዘዘ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አፍንጫው ሥር አድርጎ አየ። ዘይቱ የሲስተር መስመር ላይ ቆሟል።

"ልክ ነው" አለ፤ ድምፁ ባዶው ግቢ ውስጥ ለራሱም ጎላበት። ቁልፉን የሚያዞር ሰው ስላልነበረ ዞሮ ሄዶ መሪው ላይ ተቀመጠና ራሱ አስነሳ። ቀይዋ መብራት በርታ ጠፋች። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ሠራ።

ሹፌሩ መሪውን ይዞ እንደ ልማዱ ጠበቀ። ከፊቱ የሚታየው የተከፈተው ኮፈን ብቻ ነበር፤ መንገዱ አይታይም። እስኪዘጋለት ሲጠብቅ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ አያውቅም። ሞተሩ አልጠፋም። በመጨረሻ በሩን ከፈተ፣ ጉልበቱን ይዞ ወረደና ኮፈኑን ራሱ ዘጋው።