ስድስት ለአንድ

ወንድሜ ፋርማሲስት ነው፤ ሲቸኩል ደግሞ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። ዕድሜ ልኳን ዕቃ ያጠበችው እናታችን እጇ ተሰነጣጥቆ ሲደማ እያየ ስላደገ አንድ ቅባት ቀመመ። ሠላሳ ዕቃ አጣቢዎች ቀኝ እጃቸውን የእሱን፣ ግራቸውን የድሮውን ቅባት ሲቀቡ ከረሙ። ሙከራው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ወንድሜ የሚሠራበት ሆስፒታል ነገ ይወስናል። ስሌቱ የወደቀው በእኔ፣ በስታቲስቲክስ ባለሙያዋ እህቱ ላይ ነው።

የሃያ ሦስቱ ሁለት እጆች አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ወይ ሁለቱም ዳኑ፣ ወይ ሁለቱም እንደ ቆሰሉ ቀሩ። እነሱ የትኛው ቅባት እንደሚበልጥ አይነግሩንም። ቀኙ ብቻ የዳነላቸው ስድስት፣ ግራው ብቻ የዳነላት አንዲት።

እውነተኛው ልዩነት ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል በሁለት ዘዴ አሰላሁ። በቀላሉ ዘዴ ክልሉ ከዜሮ በላይ ሆነ፤ ለጥቂት። ጠንቃቃው ግን ዜሮንም አስገባ፤ ቅባቶቹ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

«ቀላሉን ላኪው» አለ ወንድሜ። «እሱም እኮ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው።»

«ሁለቱንም በኮምፒውተር በፈጠርኳቸው ሙከራዎች ፈትኛቸዋለሁ፣ ጋሼ። ሰው ሲያንስ ቀላሉ ቃሉን አይጠብቅም፤ እውነቱ ከክልሉ ያመልጠዋል። ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ሆስፒታሉ እስኪጠራ አይጠብቅማ። ለአንቺ ዜሮ ነው፤ ለእኔ የእማዬ እጅ ነው።»

አንጀቴን በላኝ። ተናደድኩም፤ እናትነቷ ለእሱ ብቻ ይመስል።

ይህን ጊዜ እናታችን፣ ከሠላሳዎቹ አንዷ፣ ሳህኖቿን ጨርሳ ገባች። የተረፋትን ቅባት ከአንዱ ብልቃጥ በቀኟ፣ ከሌላው በግራዋ አደረገችና ሁለት እጇን እያፋተገች ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ልቀባ? አንድ እጅ ብቻውን ያጨበጭባል? ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው።»

ወንድሜ መጀመሪያ ራሱን ያዘ፤ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቅባቶቹ ሲደባለቁ ከርመዋል። ያንን የትኛውም ዘዴ አያቃናውም።

«ጠንቃቃውን ላኪው» አለኝ። «ይህንንም ጻፊበት። ብዙ ሰውና ጓንት እንጠይቃለን።»

ሆስፒታሉ ፈቀደ፤ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። እናቴ አፍንጫዬን የማክበት እጅ አሳጣችሁኝ እያለች ጓንቷን ለበሰች።

ትናንት የቀኟን ጓንት አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ። ስንጥቁ ገጥሟል። የአንድ ሰው እጅ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ይዤው ብዙ ቆየሁ።