የከለከላት ሰው

ሌሲኤሊ የታጠቀችው ሰሌን የተሳሳተ መሆኑን ያወቀችው ለቀስተኛው ሁሉ ካያት በኋላ ነው። በደሴቲቱ ወግ አባቱ የሞተበት ልጅ ወገቡ ላይ የሚያስረው አሮጌና የተቦጫጨቀ ሰሌን ነው፤ እሷ ግን ዝናቡ ዳሱን ያፈርሰዋል ብላ ስትጣደፍ፣ በማዕረግ ከሟች በላይ ለሆኑ ዘመዶች የሚገባውን ለስላሳውን አንስታ ኖሯል።

«ሠርግ መስሏት ነው እንዴ?» አለች ጎረቤቷ ፋኔ፣ የሻይ ስኒዋን ወደ አፏ አስጠግታ።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ አክስቷ ካሎሊኔ። የሟች ታላቅ እህት ስለሆኑ እዚያ ቤት ከሳቸው በላይ ማንም የለም፤ የሌሲኤሊን ፀጉር ለሐዘን የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው። መቀሱን ይዘው ተነሡ። «አውቃ ነው። ደግ አደረገች! ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ሄዳ ነርስ እንዳትሆን እዚህ አስሮ ላስቀራት ሰው ምን ብላ ዝቅ ትልለታለች? እኔስ ብሆን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ርቄው ደጁን የረገጥኩት ከተቀበረ በኋላ አይደል?»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ሌሲኤሊ ይህን ታሪክ ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ በተናደደች ቁጥር ተርካዋለች። እውነት ከልክሎኝ ነበር? ብላ ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ መልሱን ትፈራዋለች።

ያኔ አባቷ ሳጥኗን ተሸክሞ ወደቡ ድረስ ሸኝቷት ነበር። መርከቡን ስታይ ይሰምጣል፣ ባይሰምጥም እታመማለሁ፣ ባልታመምም ፈተናውን እወድቃለሁ አለች። «እንመለስ አባዬ።» ሳጥኑን መልሶ ትከሻው ላይ አወጣው። በማግስቱ አክስቷ እንደ እብድ ሲመጡ «አባቴ ከለከለኝ» አለች። በር ላይ ቆሞ ሰምቷታል።

ምን ነበረበት አንድ ቀን እንኳ «ውሸታም» ቢለኝ! በሟች ተናደደች። ከዚያ በራሷ።

«ጎንበስ በይ፣ ልጄ» አሉ አክስቷ።

«አልከለከለኝም፣ አክስቴ።»

«ምን አልሽ?»

«ሂጂ ነበር ያለኝ። ፈርቼ የቀረሁት እኔ ነኝ። እርስዎንም የዋሸሁት እኔው ነኝ።»

ፋኔ እንኳ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አሉ አክስቷ። «ወንድሜን በቁሙ ቀበርሽብኝ! ታምሜያለሁ ብሎ ሲልክብኝ እንኳ አልመጣሁም፤ ላንቺ ብዬ!»

«ይምቱኝ። ግን ፀጉሬን ይቁረጡልኝ።»

«አልቆርጥም! ተሸክመሽው ኑሪ።» መቀሱን ወረወሩት። «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ወደየቤታችሁ!»

ሁሉም ወጣ። ሌሲኤሊ ፀጉሯን እንደፈታች ተቀምጣ ቀረች። ሲመሽ አክስቷ ከሟች መኝታ ክፍል ደጃፍ የወንድማቸውን ነጠላ ጫማ አነሡ፤ አሸዋውን በመዳፋቸው ጠረጉለት።

«እዚህ ይተኛሉ፣ አክስቴ?»

አክስቷ ጫማውን አቅፈው ወደ ሟች ክፍል ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉት።