ነጋዴ ጠይቅ

ቅዳሜ ሚያዝያ 29 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጌቱ ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባና የብርጓል አጠገብ ተቀመጠ። የባሏ አለቃ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያለው የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ። ዕለቱ ረቡዕ ማታ በድንገት የሞተው የባሏ የአካለ ወልድ ሣልስት ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ኤቲኤሙ ውስጥ ብር መጨመር አለብኝ። ነገ የማርቆስ ንግሥ ነው። ካለቀ ሕዝቡ ይሰድበኛል፤ ከተረፈ ዋናው መሥሪያ ቤት ብሩን ለምን አስተኛኸው ይለኛል።»

«በሣልስቱ ስለ ብር!» አለች የሟች እህት ወለተ ሐዋርያት ከወዲያ። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!»

«ተይው፣ ይናገር» አለች የብርጓል።

ጌቱ የአካለ ወልድን ደብተር ከኮቱ አወጣ። ማሽኑ ሦስት ዓመት ሙሉ በአካለ ወልድ እጅ ሲሞላ አንድም በዓል ደርቆ አያውቅም፤ ያለ ሥራ የተኛ ብርም አልነበረም። በየገጹ የተጻፈው ግን ያው ነው፦ «ለጥምቀት፣ ነጋዴ ጠይቅ። ለፋሲካ፣ ነጋዴ ጠይቅ።»

«ትናንት ሁለት ነጋዴ ጠየቅሁ» አለ ጌቱ። «አንደኛው አላውቅም አለኝ። ሁለተኛው ብድር ጠየቀኝ።»

የብርጓል ልትስቅ ስትል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ነጋዴ እሷ ነበረች። ገበያ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ቆሞ «ነጋዴ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?» ይላት ነበር። ማን እንደገዛ፣ ከየት እንደመጣ፣ በእጅ ይሁን በዱቤ፣ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ሊያጫውታት የሚጠይቅ ነበር የሚመስላት። ደክሟት «ደህና ዋለ» ብላ ስታልፈው ቅር ይለው ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

«የማሽኑ ግማሽ ይበቃል።»

«እትዬ! ነገ እኮ ከተማው ሊሞላ ነው። ሠርጉም አለ።»

«ይሙላ! እስከ ረቡዕ ሱቅ ነበርኩ። ሠርገኛው ከደምበጫና ከጉንደ ወይን ነው የመጣው፤ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ። ካርድ የለውም። ካርድ ያለው መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ ለፋሲካ ቀድሞ የተከፈለውን ደመወዝ ጨርሶ ከእኔ በዱቤ ነው የወሰደው። ከባዶ ሒሳብ ምን ያወጣል?»

«ቢያልቅስ?»

«የአካለ ወልድ ማሽን በእኔ ቃል አይደርቅም።»

ወለተ ሐዋርያት እንባዋን እየጠረገች «እኛ ወንድማችን አዋቂ ነው ስንል፣ ለካ አንቺን እየጠየቀ ነው!» አለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ባሏ ከሥራ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ የብርጓል ከለቀስተኛው መሃል ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ደፉን አየችው።

«ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም» አለች ቀስ ብላ።

ሰኞ ጠዋት በግማሽ የተሞላው ማሽን ሲከፈት አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጌቱ በዓል በደረሰ ቁጥር ሱቋ እየሄደ ይጠይቃታል። የሚጠራት ግን እትዬ ብሎ ነው እንጂ ነጋዴ አይላትም።